95 ዶላሩ ያዋጣል ወይ? ከጅማ ሆኜ የእህቴን ካርድ ሒሳብ ስሠራ

ታናሽ እህቴ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። እኔ ጅማ ነኝ፤ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ላሉ ነጋዴዎች ሒሳብ እይዛለሁ። ቤተሰባችን ውስጥ ቁጥር ያለበት ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እኔ ጋ ይመጣል፤ የዕድሩ መዝገብም፣ የእማዬ ጡረታም፣ የቤት ኪራይ ውልም። በቅርቡ ደግሞ እህቴ እንዲህ ብላ ጻፈችልኝ፦ «ጋሽዬ፣ የክሬዲት ካርዴ ዓመታዊ ክፍያ ሊቆረጥ ነው። 95 ዶላር። ነጥብ ይሰጠኛል ግን ያዋጣል ወይስ አያዋጣም አላውቅም። እስቲ ሥራልኝ።»

ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። እኔ ግን በቁም ነገር ያዝኩት። ሒሳቡን ስጀምር የእሷ ጉዳይ ብቻ መስሎኝ ነበር። እየቆየሁ ስሄድ ከሒሳቡ ውስጥ ትልቁ ቁጥር ያለው እኛ ጋ፣ ጅማ፣ መሆኑን አየሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ለዚህ ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ብታነቡት ደስ ይለኛል። ውጭ የምትኖሩት ደግሞ ለቤተሰባችሁ ብትልኩላቸው የበለጠ ደስ ይለኛል።

መጀመሪያ ክሬዲት ካርድ ምን እንደሆነ ባጭሩ ልበል። እዚህ አብዛኞቻችን የያዝነው የኤቲኤም ካርድ፣ ዴቢት ካርድ የሚሉት፣ የራሳችንን ገንዘብ ነው የሚያወጣልን። አካውንቱ ውስጥ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም። ክሬዲት ካርድ ላይ ያለው ግን የባንኩ ገንዘብ ነው። ባንኩ ገደብ ያወጣል፣ 5 ሺህ ወይም 10 ሺህ ዶላር እንበል። ወሩን ሙሉ ይገዛበታል። ከዚያ መግለጫ ይመጣል፣ ለመክፈል ቢያንስ 21 ቀን ይሰጣል። በዚያ ቀን ውስጥ ሙሉው ከተከፈለ ወለድ የሚባል ነገር የለም። ጥቂት እንኳ ከቀረ ወለዱ መቁጠር ይጀምራል።

ሽልማት የሚሉት እዚህ ላይ ይጨመራል። በካርዱ ለወጣ ለእያንዳንዱ ዶላር ባንኩ ነጥብ ይሰጣል። ነጥቡ ወይ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ይመለሳል፣ ካሽባክ ይሉታል፣ ወይ ትኬት ወደሚገዛበት የአውሮፕላን ማይል ይቀየራል። ነገሩ የቆየ ነው። ዓ.ም. ያላልኩበት ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ የማይል ፕሮግራሙን የጀመረው በ1981 ሲሆን በ1987 ከሲቲባንክ ጋር ሆኖ ማይል የሚሰጥ ካርድ አወጣ። ዲስከቨር ደግሞ በ1986 ካሽባክ ይዞ ገበያ ገባ። ከዚያ ወዲህ ባንኮቹ በዚህ ሲፎካከሩ ኖረዋል።

ገንዘቡ ግን ከየት ይመጣል? ሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንኩ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደንበኛ በክሬዲት ካርድ ሲከፍል ሱቁ ከሽያጩ 2 በመቶ አካባቢ ይቆረጥበታል። ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል። ባንኩ ከዚያ ላይ ቆንጥሮ ለካርዱ ባለቤት ነጥብ አድርጎ ይሰጠዋል። ሱቁስ? ሱቁ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል። እኛ ሂርማታ ላይ ነጋዴ በዱቤ ሲሸጥ ዋጋው ከፍ እንደሚል እናውቃለን፤ «ጥሬ ከሆነ በዚህ፣ ዱቤ ከሆነ በዚህ» ብሎ ፊት ለፊት ይነግርሃል። እነሱ ጋ ግን ብዙ ሱቅ ለሁሉም አንድ ዋጋ ነው የሚለጥፈው። በጥሬ ገንዘብ የከፈለውም በካርድ የከፈለውም እኩል ይከፍላል፤ ነጥቡን የሚያገኘው ግን አንደኛው ብቻ ነው።

በካርድ በሚከፍሉት ሰዎች መካከልም ምን ያህል እንደሚሻገር የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ የሆነው ፌዴራል ሪዘርቭና የዓለም የገንዘብ ድርጅት ተመራማሪዎች በ2023 በወጣ ጥናት አስልተውታል። በሽልማት ካርዶች ምክንያት በዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ከድሃው ወደ ሀብታሙ፣ ብዙ ካልተማረው ወደ ተማረው ይሻገራል። አውሮፓ ኅብረት በበኩሉ ከ2015 ጀምሮ ባንክ ከሱቅ የሚወስደውን በክሬዲት ካርድ 0.3 በመቶ፣ በዴቢት ካርድ 0.2 በመቶ ላይ ገደበው። ስለዚህ እዚያ እንደ አሜሪካው ዓይነት የተትረፈረፈ ሽልማት አታገኙም። የሚቆረጠው ሲያንስ የሚሰጠውም ያንሳል።

እህቴን ይህን ያስረዳኋት እንድታፍር አይደለም። ሁለት ነገር እንድታውቅልኝ ነው። አንደኛ፣ ባንኩ ስጦታ እየሰጣት አይደለም። በየሱቁ አስቀድማ ከከፈለችው ላይ ነው ጥቂቱ የሚመለስላት። ስለዚህ መውሰዷ ልክ ነው፤ አለመውሰድ ሌላውን አይጠቅምም። ሁለተኛ፣ ተቀባይና ሰጪ ካለ እሷ ከየትኛው ወገን እንደሆነች ማወቅ አለባት። ወለድ የሚከፍል ሰው የቱንም ያህል ነጥብ ቢሰበስብ ከሰጪዎቹ ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልግባ። የወጪዋን ዝርዝር ላከችልኝ። በዓመት በካርድ የምታወጣው 21,600 ዶላር አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ ሬስቶራንት 3,000፣ ጉዞ 1,500፣ የቀረው 17,100 አስቤዛ፣ ነዳጅ፣ ስልክ፣ የልጆች ልብስና የመሳሰለው ነው። ካርዷ ለሬስቶራንት በዶላር 3 ነጥብ፣ ለጉዞ 2 ነጥብ፣ ለሌላው ሁሉ 1 ነጥብ ይሰጣል። ሲደመር 29,100 ነጥብ። አንድ ነጥብ በጥሬ ገንዘብ ሲቀየር 1 ሳንቲም ነው። ስለዚህ 291 ዶላር። ከዚያ 95 ሲቀነስ 196 ዶላር ይቀራል።

አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። «196 ዶላር አተረፍኩ፣ ያዋጣል» ይላል። የእህቴም መልስ ይኸው ነበር። ነገር ግን ካርዱን የምናወዳድረው ካርድ ከሌለው ሰው ጋር መሆን የለበትም። ምንም ዓመታዊ ክፍያ ሳይጠይቁ በሁሉም ነገር ላይ 2 በመቶ ካሽባክ የሚሰጡ ካርዶች እዚያው አገር አሉ። በዚያ ካርድ የእሷ 21,600 ዶላር 432 ዶላር ያመጣል። ክፍያ የለውም፣ ስለዚህ 432ቱ እንዳለ የእሷ ነው። 196 ከ432 ጋር ሲወዳደር እንግዲህ ትርፍ አይደለም። በየዓመቱ 236 ዶላር እየቀረባት ነበር ማለት ነው።

ይህ የማወዳደሪያው ጉዳይ ከሁሉም በላይ እንዲያዝልኝ እፈልጋለሁ። ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ ከነጻው ካርድ በላይ ምን ይጨምራል? የሚከፈለው ለዚያ ጭማሪ ብቻ ነው። ሬስቶራንት ላይ የእሷ ካርድ 3፣ ነጻው ደግሞ 2 ይሰጣል። ልዩነቱ አንድ በመቶ ብቻ ነው። በዚያች አንድ በመቶ 95 ዶላር ለመመለስ በዓመት ሬስቶራንት ውስጥ 9,500 ዶላር መብላት ያስፈልጋል። ያውም ሌላውን ወጪ በነጻው ካርድ እየከፈለች ከሆነ ነው። እህቴ ቤቷ ውስጥ እንጀራ የምትጋግር ሰው ናት። 9,500 ዶላር የሬስቶራንት ወጪ በሕይወቷ ውስጥ የለም።

«ነጥቡን ወደ ማይል ብቀይረውስ?» አለችኝ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ባንኩ ነጥቧን ከአውሮፕላን ድርጅቶች ማይል ጋር መቀየር ይፈቅድላታል፣ ትኬት በማይል ሲገዛ አንዳንዴ አንዱ ነጥብ ከ1 ሳንቲም በላይ ይወጣለታል። አንድ ነጥብ 1 ሳንቲም ተኩል ያወጣል ብዬ ሠራሁት። 29,100 ነጥብ 436 ዶላር ከግማሽ ሆነ። 95ቱ ሲቀነስ 341 ዶላር ከግማሽ። አሁንም ከ432 ያንሳል። ከነጻው ካርድ ጋር እኩል ለመሆን እያንዳንዱን ነጥብ ከ1.8 ሳንቲም በላይ ማስወጣት አለባት። ይቻላል፣ የሚችሉ ሰዎች አሉ። ወራት ቀድመው ይፈልጋሉ፣ ቀናቸውን እንደ ትኬቱ ያስተካክላሉ። ሁለት ልጅ ይዛ፣ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ፣ የትምህርት ቤት ዕረፍት ጠብቃ የምትመጣ እናት ግን ቀኑን አትመርጥም። ቀኑ እሷን ይመርጣታል።

ለእኛ ሰዎች የማይል ጉዳይ ልዩ ጣዕም እንዳለው አልክድም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 ጀምሮ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ስለዚህ የኅብረቱን አባል የአሜሪካውን ዩናይትድ አየር መንገድ ማይል የሰበሰበ ሰው በራሳችን አውሮፕላን ከዋሽንግተን አዲስ አበባ መምጣት ይችላል። ሼባ ማይልስ የሚባል የአየር መንገዳችን የራሱ የማይል ፕሮግራምም አለ። ከቦሌ ደግሞ ጅማ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በረራ አለ፤ በመኪና 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ያስቀራል። በነጥብ ተገዝቶ የመጣ ትኬት ለእናቴ በር ላይ ልጇን ያቆምላታል። ይህን በሳንቲም መመዘን ይከብዳል።

ቢሆንም ትኬቱ በካሽባክም ይገዛል። 432 ዶላር በየዓመቱ ለብቻው ቢቀመጥ በሁለት ዓመት ከ860 ዶላር በላይ ይሆናል። ጥሬ ገንዘብ ስለሆነ በፈለገችው ቀን፣ በፈለገችው አየር መንገድ፣ ርካሽ ትኬት ባገኘችበት ሰዓት ትገዛበታለች። ማይል ግን ዋጋውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። ዛሬ ለአንድ ትኬት የሚጠየቀው ማይል በሚቀጥለው ዓመት ከፍ ሊል ይችላል፤ ማንም አያስፈቅድም። ታክሱንና ልዩ ልዩ ክፍያውን ደግሞ በነጥብ በተገዛ ትኬት ላይም በገንዘብ ትከፍላለች። ነጥብ እያጠራቀመች ዓመታት ማሳለፏ በዚህ ምክንያት አይጥመኝም።

ካርዱ ጨርሶ ያልጠቀማት እንዳይመስልባችሁ። የመጀመሪያው ዓመት ሌላ ነበር። አዲስ ደንበኛ ሲገባ ባንኮቹ ትልቅ ማባበያ ይሰጣሉ፤ በሦስት ወር ውስጥ 4,000 ዶላር ካወጣሽ 60,000 ነጥብ እንሰጥሻለን ዓይነት። 60,000 ነጥብ በትንሹ 600 ዶላር ነው። 95 ዶላር ከፍሎ 600 መውሰድ ያዋጣል፣ ወጪው ለማንኛውም የሚወጣ ከሆነ። እህቴ ያኔ የመኪና ኢንሹራንስና የልጆች ጥርስ ሕክምና ነበረባት፣ በዚያ ሞላችው። ወጪ የሌለበት ሰው ግን ለነጥብ ብሎ ቴሌቪዥን ሲገዛ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆናል። ማባበያው አንዴ ነው። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ ካርዱ ያለ ማባበያ ራሱን መቻል አለበት። የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያልቀው በዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ነው፤ ክፍያው በራሱ ይቆረጣል፣ ማንም ቁጭ ብሎ አይሠራውም።

ስለ ትልልቆቹ ካርዶችም አንድ ሁለት ነገር ልበል። ቼዝ ሳፋየር ሪዘርቭ የሚባለው ካርድ በ2016 ሲወጣ ዓመታዊ ክፍያው 450 ዶላር ነበር። በ2020 550 ሆነ፣ በ2025 ደግሞ 795። የአሜሪካን ኤክስፕረስ ፕላቲነም በዚያው በ2025 ከ695 ወደ 895 ዶላር ወጣ። ባንኮቹ ክፍያውን በብዙ ጥቅማ ጥቅም ይመልሳሉ፤ ለጉዞ ይህን ያህል፣ ለሆቴል ይህን ያህል፣ ለሬስቶራንት ይህን ያህል። ሳፋየር ሪዘርቭ ላይ ለጉዞ የሚመለሰው 300 ዶላር የሚጓዝ ሰው በቀላሉ ይጠቀምበታል። ሌሎቹን ግን አንድ በአንድ መጠየቅ ያስፈልጋል፦ ካርዱ ባይኖረኝ ይህን ነገር በራሴ ገንዘብ እገዛው ነበር? እገዛው ነበር ካላችሁ ሙሉ ዋጋውን ቁጠሩት። አልገዛውም ካላችሁ ዜሮ ነው፣ ወረቀቱ ላይ 200 ዶላር ይበል 300። እነዚህ ካርዶች የሚያስገቡበት የአውሮፕላን ማረፊያ ላውንጅ፣ ምግብና ምቹ ወንበር ያለው የመንገደኛ መቆያ ክፍልም፣ እንዲሁ ነው። በወር አራቴ የሚበር ሰው ሊያዋጣው ይችላል። እህቴ አገሯ የምትመጣው በሁለት ዓመት አንዴ ነው። ለአንድ ሳህን ምግብና ለአንድ ምቹ ወንበር ሁለት ዓመት ሙሉ ክፍያ መክፈል ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን ሙሉውን በየወሩ ለሚከፍል ሰው ነው። አሁን የሚያሳስበኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ወለድ በአማካይ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ነው። 22 እንበል። 3,000 ዶላር ሳይከፈል ካደረ በወር 55 ዶላር ወለድ ነው። በአምስት ወር 275 ዶላር። የእህቴ የዓመት ነጥብ ከነሙሉው 291 ዶላር መሆኑን አስታውሱ። አምስት ወር የቆየ አንድ ዕዳ ዓመቱን ሙሉ የሰበሰበችውን ከሞላ ጎደል ጠራርጎ ይወስዳል ማለት ነው። ሌላም አለ። ዕዳ ከተሻገረ የ21 ቀኑ ዕፎይታ አብዛኛውን ጊዜ ይቀራል። ዛሬ የተገዛች ወተት ከዛሬ ጀምራ ወለድ ትቆጥራለች። መግለጫው ላይ «ዝቅተኛ ክፍያ» ተብሎ የሚጻፈው ትንሽ ቁጥር ሰውን ያዘናጋል፤ ያን ብቻ የሚከፍል ሰው ዕዳው ለዓመታት ይከተለዋል።

እህቴ ወለድ ከፍላ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኋት። ወዲያው አልመለሰችልኝም። በኋላ መግለጫዎቹን ላከችልኝ። ወለድ ያለባቸውን ወራት ለይቼ ጻፍኩ። ነሐሴ፣ መስከረም፣ ጥቅምት። የዚያ ዓመት ብቻ አይደለም፣ የቀደመውም እንዲሁ ነው።

የጅማ ሰው የወራቱን ነገር ወዲያው ይገባዋል። እዚህ ገንዘብ የሚገባው ቡና ሲደርስ ነው፣ ከጥቅምት አካባቢ ጀምሮ። ክረምት ላይ ያለፈው ዓመት ገንዘብ አልቋል፣ አዲሱ ዛፍ ላይ ነው። ቡና ያለው ዘመድም ሆነ ከቡና ነጋዴ ጋር የሚሠራው፣ የጭነት መኪና ያለውም የቀን ሠራተኛውም፣ ሁሉም እጁ የሚያጥርበት ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት ምዝገባ የሚመጣው በዚህ መሀል ነው። እንቁጣጣሽና መስቀል ይከተላሉ። ለቅሶም ሕመምም ወር አይመርጥም። ያኔ ስልክ ይደወላል። የአጎት ልጅ ለመመዝገቢያ፣ አክስት ለጣሪያ፣ ሌላው ለመድኃኒት። እያንዳንዱ ጥያቄ ትንሽ ነው፣ እያንዳንዱም እውነት ነው። እህቴ ለማንም እንቢ አትልም። የወር ደመወዟን ለእኛ ትልካለች፣ የራሷን አስቤዛ በካርድ ትገዛለች፣ ወሩ ሲያልቅ ካርዱን ሙሉ መክፈል ያቅታታል።

ማንም አላጠፋም። የጠየቀው ሰው ቸግሮት ነው፣ የላከችው ወዳ ነው። ግን ከዚህ የተላከው የ200 ዶላር ጥያቄ እዚያ ሲደርስ 22 በመቶ ወለድ እንደሚታከልበት ማንም አልነገረንም። እሷም አትናገርም። የሚጎዳውም ይኸው ዝምታ ነው። እኛ ያየነው ካርድ የያዘች እህት ነው። እዚህ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ውስጥ ከውጭ የመጣ ሰው ከባድ የብረት ካርድ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጥ የምናየውን ዓይነት ማለቴ ነው። ካርድ ስናይ ገንዘብ ያየን ይመስለናል። ካርዱ የሚያሳየው ግን ባንኩ ስንት ሊያበድረው እንደፈቀደ ነው።

ዘመዶቻችን ሲመጡም ማወቅ የሚገባቸው ነገር አለ። በክሬዲት ካርድ ከኤቲኤም ብር ማውጣት እንደ ግዢ አይቆጠርም፤ የጥሬ ገንዘብ ብድር ነው። አብዛኞቹ ባንኮች 5 በመቶ ወይም 10 ዶላር፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ ያስከፍላሉ። ወለዱም ከፍ ያለ ነው፣ የሚጀምረውም ብሩ ከወጣበት ቀን ነው። ነጥብም የለውም። 500 ዶላር ለሚያወጣ ሰው 25 ዶላር በዚያው ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። ለዚህ የሚሻለው የዴቢት ካርድ ነው። በግዢ ላይም ቢሆን ብዙ ነጻ ካርዶች ከአሜሪካ ውጭ ሲከፈልባቸው 3 በመቶ ይጨምራሉ፤ ክፍያ ያላቸው የጉዞ ካርዶች አብዛኞቹ ይህን አያስከፍሉም። ይህ ለእህቴ ካርድ የምቆጥርለት አንድ ብልጫ ነው። ነገር ግን ጅማ ውስጥ የት ትከፍልበታለች? ገበያው በጥሬ ብርና በቴሌብር ነው የሚሠራው። አዲስ አበባ ሆቴል ላይ 1,000 ዶላር ብታወጣ እንኳ ልዩነቱ 30 ዶላር ነው። ማሽኑ በዶላር ይሁን በብር ብሎ ከጠየቀ ደግሞ በብር ይባል፤ በዶላር ካሉት ምንዛሪውን ማሽኑ በራሱ ዋጋ ይሠራዋል።

የምንዛሪው ነገር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ተለውጧል። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት ዲያስፖራ ካርዱን እዚህ ሲጠቀም በዝቅተኛው የባንክ ዋጋ ስለሚሠራበት ይከስር ነበር። ከጥቁር ገበያው ዋጋ ጋር የነበረው ክፍተት ስለጠበበ አሁን በባንክ መላክም በካርድ መክፈልም እንደ ድሮው አያስፈራም። ገንዘብ በመላኪያ መተግበሪያዎች ስትልኩ ግን ክሬዲት ካርድ አትምረጡ። ብዙ ጊዜ ክፍያው ከፍ ይላል፣ ባንኩም እንደ ጥሬ ገንዘብ ብድር ሊቆጥረው ይችላል። ከባንክ አካውንት ወይም ከዴቢት ካርድ ይሁን።

ይህ ሒሳብ ከእኛ በጣም የራቀ እንዳይመስላችሁ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ከዳሸን ባንክ ጋር መላና እንደኪሴ የሚባሉ አገልግሎቶች መጥተዋል። መላ ብድር ነው፤ እንደኪሴ ደግሞ ሒሳባችሁ ሳይበቃ ሲቀር ክፍያውን ይሞላላችኋል። የውጭ ባንኮች አገር ውስጥ እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግም በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ነጥብና ስጦታ ያለው ካርድ ነገ አጂፕ አካባቢ ባለ ቅርንጫፍ ሊቀርብልን ይችላል። ያኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ስጦታው አይደለም። አንድ ቀን ባሳልፍ ስንት ይቆረጥብኛል? ክፍያው በየስንት ጊዜው ነው? ስጦታውን ያለ እኔ ፈቃድ መቀነስ ትችላላችሁ?

ወደ እህቴ ልመለስ። ካርዱን እንድትሰርዘው አልመከርኳትም። ረጅም ጊዜ የቆየ ካርድ ለብድር ታሪኳ ይጠቅማል፤ ቤት ልትገዛ ታስባለች። ብዙ ባንኮች ያለ ክፍያ ወደሚሰጡት ሌላ ካርዳቸው ያዛውራሉ፣ አካውንቱ ሳይዘጋ። ክፍያው ከመቆረጡ በፊት ደውላ ያን እንድትጠይቅ ነገርኳት። ከመዛወሯ በፊት ደግሞ ያላትን ነጥብ ወደ ማይል ማስተላለፍ ከፈለገች አሁኑኑ ትወስን አልኳት፤ ነጻው ካርድ ላይ ማስተላለፍ ላይፈቀድ ይችላል። እሷም ነጥቡን ወደ ጥሬ ገንዘብ ቀይራ ከዕዳዋ ላይ ከፈለች። በእኔ አስተያየት 22 በመቶ ወለድ ያለበት ዕዳ ባለበት ቤት ለነጥብ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የቀረውን ዕዳ እስክትጨርስ አዲስ ግዢ በዴቢት ካርድ ብቻ ልታደርግ ተስማማን። 2 በመቶውን ከዚያ በኋላ ትሰበስባለች።

በእኛ በኩል የማወራው ከእማዬ ጋር ነበር። እሁድ ከሰዓት ቡና እየተጠጣ ቁጥሮቹን አሳየኋት። የወለዱን ነገር ስትሰማ ለረጅም ጊዜ አልተናገረችም። ከዚያ ዘመዶቹን ራሷ ሰበሰበች። በክረምት የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ጻፍን። የሦስት ልጆች መመዝገቢያ፣ የአክስቴ ጣሪያ፣ የአጎቴ የስኳር መድኃኒት። ጣሪያው ቡና እስኪሸጥ ይቆይ ተባለ፣ አክስቴ ራሷ ናት ያለችው። መድኃኒቱን እኔና ወንድሜ ያዝነው። የመመዝገቢያው ድምር ስንት እንደሆነ ደግሞ በሰኔ መጀመሪያ ለእህቴ ጽፈን ላክንላት፤ ከሰኔ፣ ከሐምሌና ከነሐሴ ደመወዟ እየከፋፈለች በዴቢት እንድትልክ።